ፒንግ ይመልሳል፣ ምስሉ ግን ይቆራረጣል
የቪዲዮ ኮንፈረንስ መሣሪያን በትእዛዝ መስመር ከኔትወርክ ጋር ስለ ማስማማት

መግቢያ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በቡናዋ የታወቀች ከተማ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኝበት የኪቶ ፉርዲሳ ግቢም ያለው በዚህችው ከተማ ነው። ከዚህ ግቢም ሆነ በዙሪያው ካሉት የቡና ከተሞች፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከየቡ ሆኖ በሌላ ከተማ ካለ ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር የሚሻ ሰው ሁለት አማራጮች አሉት። አንደኛው ራሱ መጓዝ ሲሆን ሁለተኛው ድምፁና ምስሉ እንዲጓዝለት ማድረግ ነው። ሁለተኛው አማራጭ ቪዲዮ ኮንፈረንስ ይባላል።

ነገሩን ለመረዳት እንዲያመቸን አንድ ሁኔታ በሐሳባችን እንሣል። በኪቶ ፉርዲሳ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ነው። ከፈታኞቿ አንዱ በሌላ ከተማ ስለሚገኝ የሚከታተላት በቪዲዮ ኮንፈረንስ ነው። ከጧቱ በ3 ሰዓት መሣሪያው ተከፈተ፤ ፈታኙም በመስኮቱ ታየ። ንግግሩ ሲጀመር ግን ምስሉ በየጥቂት ሰከንዱ ይደርቅ፣ ድምፁም እየተቆረጠ ይመጣ ጀመር። ፈታኙ ጥያቄ ቢያቀርብም ተማሪዋ የሰማችው ግማሹን ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ የግንኙነት መፈተሻውን ፒንግ ሲያስኬድ ከወዲያ ማዶ ያለው መሣሪያ ሳያጓድል ይመልሳል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «መስመሩ ደካማ ነው» ብሎ ደመደመ። መስመሩ ግን ደካማ አልነበረም። ጥፋቱ ከመሣሪያው ጀርባ፣ በሦስት ሜትር ገመድ ሁለት ጫፎች ላይ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል፣ እንዴትስ ተፈልጎ እንደሚገኝ በዚህ ጽሑፍ ደረጃ በደረጃ ለማብራራት እንሞክራለን።

ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሁለት አቅጣጫ

በአገራችን ምስልን ለትምህርትና ለአስተዳደር በኔትወርክ ማሠራጨት በስፋት የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበሩ ተማሪዎች «የፕላዝማ ትምህርት» የተባለውን ያስታውሱታል። ትምህርቱ በሳተላይት ይሠራጭ ስለነበረ በመላ አገሪቱ የሚገኙ ክፍሎች አንዱን መምህር በአንድ ሰዓት ለማየት ችለዋል። ይሁን እንጂ ሥርጭቱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነበር። ተማሪው መምህሩን ያያል፣ መምህሩ ግን ተማሪውን አያይም፤ እጁን ያወጣ ተማሪም የሚሰማው አልነበረም።

በዚያው ዘመን የተዘረጋው ወረዳኔት ደግሞ የወረዳ መሥተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በቪዲዮ ኮንፈረንስ ለማገናኘት ታስቦ የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ በጀመረው የመላው አፍሪካ ኤሌክትሮኒክ ኔትወርክ የሙከራ ፕሮጀክት አማካይነትም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ ከሚገኙ ሐኪሞች ጋር ስለ ሕሙማን መመካከር ችለዋል። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ በአሕጽሮት ኢተርኔት ይባላል። አንባቢ ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሜትካፍ ከባልደረቦቹ ጋር ከፈለሰፈው የገመድ ግንኙነት ሥርዓት፣ ከኤተርኔት ጋር እንዳያምታታው ይጠንቀቅ። ከዚህ በታች የምናነሣው ኤተርኔት ሁለተኛው ነው።

የእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ልዩ ጠባይ ባለ ሁለት አቅጣጫ መሆናቸው ነው። ሐኪሙም ሆነ ፈታኙ ማየት ብቻ ሳይሆን መጠየቅና መልስ መስማት አለበት። ባለ ሁለት አቅጣጫ መሆኑ ጥቅሙ የመሆኑን ያህል የችግሩም ምንጭ መሆኑን ወደ በኋላ እንመለከታለን።

ምስል ስንት ቁጥር ይሆናል?

1280 በ720 ነጥቦች ያሉትን አንድ ምስል እንውሰድ። የነጥቦቹ ብዛት 921,600 ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመግለጽ 24 ቢት ቢያስፈልገውና በሰከንድ 30 ምስሎች ቢላኩ፣ በሰከንድ 663,552,000 ቢት ወይም 664 ሜጋቢት ያህል መላክ ይኖርበታል። ለአንድ ስብሰባ ይህን ያህል መስመር የሚመድብ ተቋም የለም። ስለዚህ መሣሪያው ምስሉን አምቆ ወደ 1.5 ሜጋቢት ገደማ ያወርደዋል። ይህም ከ400 እጥፍ በላይ መቀነስ ማለት ነው።

ይህን የሚያደርገው እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ በመላክ ሳይሆን ካለፈው ምስል የተለወጠውን ብቻ በመላክ ነው። ተናጋሪው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ከበስተኋላው ያለው ግድግዳ እንደገና አይላክም። ዘዴው ብልሃት ያለው ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ፓኬት፣ ማለትም አንድ የመረጃ ጥቅል፣ በመንገድ ከጠፋ ከእርሱ ቀጥለው የሚመጡት «ለውጦች» የሚያርፉበት መሠረት ይበላሻል። ጉዳቱም አዲስ ሙሉ ምስል እስኪላክ ድረስ ይቀጥላል። በደብዳቤ ልውውጥ የጠፋ ፓኬት እንደገና ተጠይቆ ይላካል፤ በቀጥታ ንግግር ግን ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ፓኬት መጥፋቱ ኢሜይል ለሚልክ ሰው ባይታወቀውም ቪዲዮ ኮንፈረንስን ያውካል።

የትእዛዝ መስመር ለምን አስፈለገ?

የቪዲዮ ኮንፈረንስ መሣሪያ ካሜራ፣ ማይክራፎንና ኮዴክ የሚባል ልዩ ኮምፒዩተር ያሉት ነው። ቅንብሩን በሪሞት ኮንትሮል ወይም በንክኪ መስኮት ማስተካከል ይቻላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ገና አድራሻ ካልተሰጠው፣ መስኮቱ ካልበራ ወይም ቴክኒሻኑ በሌላ ከተማ ከሆነ የሚያዋጣው የትእዛዝ መስመር ነው። ይህም ትእዛዝን በፊደል ጽፎ መልሱን በፊደል ማንበብ ማለት ነው። የተጻፈ ትእዛዝ ሌላም ጥቅም አለው። በደብተር ሊመዘገብ፣ ለሌላ ባለሙያ ሊተላለፍና በሃምሳ መሣሪያዎች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊደገም ይችላል።

ወደ ትእዛዝ መስመሩ የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ላፕቶፕን ከመሣሪያው ሲሪያል መሰኪያ ጋር በገመድ ማገናኘት ነው፤ ይህ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ሁለተኛው በኔትወርክ በኩል ኤስኤስኤች በተባለው ዘዴ መግባት ነው። ቴልኔት የተባለው የቆየ ዘዴ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ስለሚልክ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

አድራሻ፣ ማስክና ጌትዌይ

መሣሪያው ወደ ኔትወርክ ለመግባት ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ማወቅ አለበት። እነርሱም የራሱ የአይፒ አድራሻ፣ ሰብኔት ማስክና ጌትዌይ ናቸው። ይህን በግቢ ኑሮ ብንመስለው አድራሻው የክፍል ቁጥር ነው፤ ማስኩ የግቢው አጥር የት ላይ እንደሚያልቅ ይነግራል፤ ጌትዌዩ ደግሞ የግቢው መውጫ በር ነው። በአንድ አጥር ውስጥ ያሉ በቀጥታ ይገናኛሉ። ከአጥሩ ውጭ ለሚሄድ ፓኬት ግን በሩን ማለፍ ግዴታ ነው።

መሣሪያው አጥሩን የሚያውቀው በሁለትዮሽ ስሌት ነው። አድራሻው 10.40.12.70፣ ማስኩ 255.255.255.192 ነው እንበል። የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች በሁለትዮሽ ስንጽፋቸው፦

70 = 01000110
192 = 11000000

በሁለቱም ረድፍ 1 ባለበት ቦታ 1፣ በሌላው ሁሉ 0 ብናደርግ 01000000 ወይም 64 እናገኛለን። ስለዚህ መሣሪያው የሚገኝበት አጥር ከ10.40.12.64 እስከ 10.40.12.127 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ለአጥሩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ለመላክ ስለሚያገለግሉ ለመሣሪያዎች የሚቀሩት ከ65 እስከ 126 ያሉት 62 አድራሻዎች ናቸው። ጌትዌዩም ከእነዚህ አንዱ መሆን አለበት። በሩ ከአጥሩ ውጭ ከተተከለ ማንም አይደርስበትም።

ትእዛዞቹ

የትእዛዞቹ ቃላት እንደ አምራቹ ይለያያሉ። እዚህ የምናቀርበው የኖርዌዩ ታንድበርግ ኩባንያ የጀመረውንና ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያውን ከገዛው በኋላ የቀጠለበትን አጻጻፍ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ቢሆንም ለንባብ እንዲያመቹ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር ሳይለውጡ ያለውን ማንበብ ነው፦

ኤክስስታተስ ኔትወርክ 1

መሣሪያው አሁን የያዘውን አድራሻ፣ ማስክ፣ ጌትዌይና የገመዱን ፍጥነት ዘርዝሮ ይመልሳል። ይህን መልስ በማስታወሻ ሳይገለብጡ ወደሚቀጥለው መሄድ አይገባም፤ ሥራው ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በዚህ ማስታወሻ ነው። ከዚያ በኋላ ቋሚ አድራሻ እንደሚከተለው ይሰጣል፦

ኤክስኮንፊገሬሽን ኔትወርክ 1 አይፒቪ4 አሳይንመንት: ስታቲክ
ኤክስኮንፊገሬሽን ኔትወርክ 1 አይፒቪ4 አድረስ: 10.40.12.70
ኤክስኮንፊገሬሽን ኔትወርክ 1 አይፒቪ4 ሰብኔትማስክ: 255.255.255.192
ኤክስኮንፊገሬሽን ኔትወርክ 1 አይፒቪ4 ጌትዌይ: 10.40.12.65

የመጀመሪያው መስመር «አድራሻህን ከኔትወርኩ አትጠብቅ፣ እኔ የምሰጥህን ያዝ» ማለት ነው። ለቪዲዮ ኮንፈረንስ መሣሪያ ቋሚ አድራሻ የሚመረጠው ሌሎች ስለሚደውሉለት ነው። በየጊዜው የሚለዋወጥ አድራሻ በየጊዜው እንደሚለዋወጥ የስልክ ቁጥር ይሆናል። በፖሊኮም መሣሪያዎች ዘንድ ይኸው ሥራ «አይፒአድረስ ሴት»፣ «ሰብኔትማስክ ሴት» እና «ዲፎልትጌትዌይ ሴት» በሚሉ ትእዛዞች ይከናወናል። ቃላቱ ቢለያዩም ሐሳቡ አንድ ነው።

በመጨረሻም መሣሪያው ተዘግቶ እንዲከፈት ይታዘዛል፤ እንደገናም «ኤክስስታተስ ኔትወርክ 1» ተብሎ አዲሱ ቅንብር መያዙ ይረጋገጣል።

የተቆራረጠው ምስል ምሥጢር

አሁን ወደ ተማሪዋ እንመለስ። የመሣሪያው አድራሻ፣ ማስክና ጌትዌይ ትክክል ናቸው፤ ባይሆኑ ኖሮ ፒንግም አይመልስም ነበር። ቴክኒሻኑ ግን የኤክስስታተስን መልስ እስከ መጨረሻው ሲያነብ የኤተርኔት ፍጥነት «100 ሃፍ» የሚል አገኘ። ቁልፉ ይህ ነው።

የኤተርኔት ገመድ በሁለት ሁኔታ ሊሠራ ይችላል። በሙሉ ዱፕሌክስ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ይልካሉ፣ ይቀበላሉም። በግማሽ ዱፕሌክስ ግን እንደ ፖሊስ መገናኛ ሬዲዮ አንዱ ሲናገር ሌላው ማዳመጥ አለበት። ሁለቱ ጫፎች ገመዱ ሲሰካ አውቶ ኔጎሲዬሽን በሚባል ምልክት ተነጋግረው የሚስማሙበትን ይመርጣሉ። ለዚህ ስምምነት ግን ሁለቱም መናገር አለባቸው።

በምሳሌያችን አንድ ባለሙያ ቀደም ሲል ስዊቹን «100 ፉል» ብሎ በቋሚነት አስሮታል፤ መሣሪያው ደግሞ «አውቶ» ላይ ነው። በቋሚነት የታሰረው ስዊች የስምምነት ምልክት አልላከም። መሣሪያው ከሚደርሰው ኤሌክትሪካዊ ምልክት ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት መሆኑን ለየ፤ ዱፕሌክሱን ግን ከምልክቱ ማወቅ አይችልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ደንቡ ግማሽ ዱፕሌክስን እንዲይዝ ያዝዘዋል፤ እርሱም ያዘ። ውጤቱም አንዱ ጫፍ ተራ የሚጠብቅ፣ ሌላው ተራ የማይጠብቅ ሆነ። መሣሪያው እየላከ ሳለ ከስዊቹ ፓኬት ሲመጣበት ግጭት የተፈጠረ ስለሚመስለው መላኩን ያቋርጣል። ስዊቹም የሚደርሰው ተቆርጦ የቀረ ፓኬት ስለሆነ ይጥለዋል።

ታዲያ ፒንግ ለምን ሠራ? ፒንግ በሰከንድ አንድ ትንሽ ፓኬት ልኮ መልሱን ይጠብቃል። መላኩና መቀበሉ በየተራ ስለሆነ ግጭት አይገጥመውም። ቪዲዮ ግን ሌላ ነው። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚልክ መሣሪያ እያንዳንዱ ፓኬት 1200 ባይት ቢሆን፣ 1,500,000 ለ9,600 ሲካፈል በሰከንድ 156 ፓኬት ይልካል። በዚያው ሰከንድ ተመሳሳይ ብዛት ይቀበላል። ከሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ የሚጓዝ ይህን ያህል ፓኬት ሲኖር መጋጨቱ አይቀርም። ምስሉ የሚቆራረጠውም ሁለቱም ወገኖች ሲናገሩና ሲንቀሳቀሱ፣ ማለትም ቪዲዮ ኮንፈረንስ የተፈለገበት ዓላማ በሚፈጸምበት ጊዜ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ጫፎች አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። ሁለቱም አውቶ ይሁኑ፤ ወይም ሁለቱም እንዲህ ተብለው ይታሰሩ፦

ኤክስኮንፊገሬሽን ኔትወርክ 1 ስፒድ: 100ፉል

በመዳብ ገመድ 1000 ሜጋቢት በሚሠራበት ጊዜ አውቶ ኔጎሲዬሽን የደንቡ አካል ስለሆነ በዛሬ መሣሪያዎች የሚመረጠው ሁለቱንም አውቶ ላይ መተው ነው። ይህን ሳያረጋግጥ ተጨማሪ የመስመር ስፋት የሚገዛ ተቋም ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ ግጭቱ ያለው ከመሣሪያው እስከ ስዊቹ ባለው ሦስት ሜትር ገመድ ላይ ነውና።

የፓኬት ልክ

ሌላው ስውር ችግር ከፓኬት መጠን ጋር የተያያዘ ነው። ኤተርኔት በተለመደው አሠራር እስከ 1500 ባይት የሚደርስ ፓኬት ይሸከማል፤ ይህ ልክ ኤምቲዩ ይባላል። ሁለት ተቋማት በኔትወርክ ውስጥ የራሳቸውን ዋሻ ሠርተው ሲገናኙ ግን እያንዳንዱ ፓኬት ተጨማሪ ፖስታ ይለብሳል። ለምሳሌ ጂአርኢ የተባለው ዘዴ 24 ባይት ስለሚጨምር ለፓኬቱ የሚቀረው 1476 ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ፓኬት ይቆራረጣል ወይም ይጣላል። እዚህም ትንሹ ፒንግ በሰላም ሲያልፍ ትልቁ የምስል ፓኬት ይቀራል። መፍትሔው መሣሪያው ፓኬቱን ከመነሻው በልኩ እንዲያዘጋጅ ማዘዝ ነው፦

ኤክስኮንፊገሬሽን ኔትወርክ 1 ኤምቲዩ: 1400

ትእዛዝ የማይለውጠው ነገር

ሁሉም ችግር ግን በቅንብር አይፈታም። በሳተላይት የሚሄድ ምልክት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ይመለሳል፤ ደርሶ ለመውረድ ቢያንስ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ይህ 0.24 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ በ350 ኪሎ ሜትር ፋይበር ለመድረስ ከ2 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። የሳተላይቱን መዘግየት የሚያሳጥር ትእዛዝ የለም። መፍትሔው ተናጋሪዎች ጥቂት ቆም እያሉ እንዲነጋገሩ ማሳሰብ ነው። ጥሩ ቴክኒሻን የተፈጥሮ ሕግን ከቅንብር ስሕተት ለይቶ ያውቃል።

ከርቀት ለሚያዙ

ከኪቶ ፉርዲሳ ሆኖ በአጋሮ ያለን መሣሪያ በኤስኤስኤች የሚያስተካክል ሰው ቆሞበት ያለውን ቅርንጫፍ እንደሚቆርጥ ሰው መጠንቀቅ አለበት። በጌትዌይ አድራሻ ላይ የአንድ አኃዝ ስሕተት ግንኙነቱን ያቋርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ስሕተቱን ለማረም እስከ መሣሪያው ድረስ በመኪና መሄድ ግድ ይሆናል። በክረምት፣ ዋናውን መንገድ ለቀው ለሚገቡ ቀበሌዎች፣ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ነባሩን ቅንብር መገልበጥ፣ ትእዛዞቹን በወረቀት ጽፎ ሌላ ሰው እንዲያነባቸው ማድረግ፣ ከመሣሪያው አጠገብ ሲሪያል ገመድ የያዘ ሰው ማቆምና ሥራውን ከስብሰባው ዕለት በፊት ማጠናቀቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ቪዲዮ ኮንፈረንስ ከፕላዝማው ትምህርት የሚለየው እጁን ያወጣውን ተማሪ ስለሚያሰማ ነው። ይህን ልዩነት የሚጠብቁት ጥቂት መስመር ትእዛዞችና እነርሱን አንብቦ የሚረዳ ሰው ናቸው። «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ከማለት በፊት አድራሻውን፣ ማስኩን፣ ጌትዌዩን፣ ዱፕሌክሱንና የፓኬቱን ልክ በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ችግሩ ካልተፈታ ያን ጊዜ መስመሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ መሣሪያ አድራሻ 10.40.12.130፣ ማስኩ 255.255.255.192፣ ጌትዌዩ 10.40.12.65 ነው። ከአጥሩ ውጭ ለመደወል ይችላልን?
2. ስዊቹም መሣሪያውም «አውቶ» ላይ ሳሉ አንድ ሰው መሣሪያውን ብቻ «100 ፉል» ብሎ ቢያስረው በስዊቹ በኩል ምን ይነበባል?
3. የ1400 ባይት ጭነት ያለው ፒንግ መልስ ያገኛል፤ እንዳይቆራረጥ ታዝዞ የተላከ የ1472 ባይት ፒንግ ግን አያገኝም። ምን ይጠረጠራል?

መልስ

1. አይችልም። 130 በሁለትዮሽ 10000010 ስለሆነ አጥሩ ከ128 እስከ 191 ነው፤ በሩ ከአጥሩ ውጭ ተተክሏል።
2. «100 ሃፍ»። ስሕተቱ ያው ነው፤ የተለወጡት ጫፎቹ ብቻ ናቸው።
3. የኤምቲዩ ማነስ። 1472 ባይት ላይ የፒንግና የአይፒ ራስጌዎች 28 ባይት ሲጨመርበት 1500 ይሆናል፤ በመንገዱ ላይ ይህን የማያሳልፍ ቦታ አለ ማለት ነው።